ግጥም ሰጪው የጎደለበት ካሴት

የድሮ ካሴት ከማቀፊያው ሲወጣ የሚሸተው ሽታ አለ። የሞቀ ፕላስቲክ፣ የቆየ ወረቀትና ትንሽ አቧራ ነው ብትሉ ይቀርባል እንጂ አይሞላም። ባለፈው ሳምንት ከቁም ሳጥኑ ሥር አንዱን ሳወጣ ያ ሽታ ፊቴን መታኝ፣ ጆሮዬም ጭምር ጋለ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ቤት ውስጥ ብቻዬን ቆሜ፣ አፈርኩ።

ካሴቱን እንድፈልግ ያደረገኝ የልጄ ስጦታ ነው። የድሮ ዘፈን አሳዳጆች እንደገና እያሳተሙ ባማረ ሽፋን ከሚያወጧቸው ሲዲዎች አንዱን ገዝታ መጣች። "እማዬ፣ ያንቺ አዝማሪ!" አለችኝ። እውነትም የእኔ አዝማሪ ነበር። ግን ገና መጀመሪያው ዘፈን ላይ ስህተቱ ተሰማኝ። የቀዱት ከመጀመሪያው ሸክላ አይደለም፤ ያኔ ጎንደር ላይ ከወጣው ጉደኛ ካሴት ነው። በዚያ ላይ የካሴቱን ባዶ ቦታዎች እየቆረጡ አገጣጥመዋቸዋል። አዝማሪው ማንም ግጥም ሳይሰጠው፣ ትንፋሽ ሳይወስድ፣ እንደተሯሯጠ ይዘፍናል። ልጄ ፊቴን አይታ "ምነው፣ አላማረሽም እንዴ?" አለች። "በጣም እንጂ" አልኳት። ወጣት ሆኜ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ብዬ አላልፍም ነበር። ያኔ አለማለፌ ነው ጉድ የሠራኝ።

ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ጎንደር ውስጥ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። የሌላ ሰው ስህተት ከሩቅ ይሸተኛል። አለቃዬ እንኳ ረቂቁን ሲሰጠኝ አንገቱን ሰበር አድርጎ ነበር፤ "ተመልከቺው እስቲ" ሲለኝ እንደ ተማሪ። እኔም ይህን እንደ ትልቅ ሙያ ቆጥሬው፣ ከመሥሪያ ቤቱ በር ወጥቼም የሰውን ሁሉ እያረምኩ እሄድ ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ቢጤ ነው።

ያ አዝማሪ ከልጅነቴ የማውቀው ነው። አዘዞ የሚኖረው አጎቴ ከአብዮቱ በፊት የወጣች አንድ ሸክላ ነበረችው። ጠጅ ቤት ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት የተቀረጸች ናት። እንደምታውቁት አዝማሪ ብቻውን አይዘፍንም። ከሰው መሀል አንዱ ተነሥቶ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ይቀበለውና በማሲንቆው ይደግመዋል። በዚያች ሸክላ ላይ ግጥም የሚሰጠው አንድ ወጣት ነበር። "ተቀበል አያ!" ይላል፣ ሳቅ በሚተናነቀው ድምፅ። ሰባት ጊዜ ይነሣል፣ ሰባት ግጥም ይሰጣል። ማንነቱን አላውቅም ነበር፤ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከአዝማሪው ይልቅ የወደድኩት እሱን ነው። የመጨረሻው ግጥሙ ይህ ነበር፦

ወንዙ ሲጎድልልኝ ክረምቱ ሲወጣ፣
በሩን አትዝጉብኝ ማታም ቢሆን ልምጣ።

አዝማሪው ከሞተ በኋላ ፒያሳ የነበረ አንድ ሙዚቃ ቤት ዘፈኖቹን ወደ ካሴት ገልብጦ ማውጣት ጀመረ። ባለ ሙዚቃ ቤቱ ዝምተኛ፣ ጠይም፣ ሁልጊዜ ሹራብ የሚለብስ ሰው ነው። ከሱቁ ጀርባ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ካሴቱ መውጣቱን እንደሰማሁ ሮጬ ወሰድኩና ቤት ገብቼ ከፈትኩት።

ምኑን ልንገራችሁ! ፍጥነቱ በዝቶ የሽማግሌው ድምፅ የኮበሌ ሆኗል። በአንደኛው ገጽ ላይ የተጻፈው ዘፈን ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። የሚገለብጥበት ገመድ ተበጥሶ ነው መሰለኝ በማይክሮፎን ስለቀዳው፣ የጓሮ አውራ ዶሮ ከማሲንቆው ጋር ይጮኻል። ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያቃጠለኝ ግጥም ሰጪው መጥፋቱ ነው። "ተቀበል አያ" ሊል ሲል ድምፁ ይሟሽሻል፣ ዝም ይላል፣ ነፋስ ብቻ ይሰማል፣ ከዚያ አዝማሪው ካልታየ ሰው የተቀበለውን ይዘፍናል። ሰባቱም ቦታ እንዲያ ነው። ቃሉ አልጎደለም፣ የጎደለው ሰውየው ነው። ሆስፒታል የምትሠራ ጓደኛዬም ገዝታ ስለነበር አስተያየነው። በእሷ ካሴት አንድ ቦታ ላይ "ተቀ" የምትል ቁራጭ ቀርታለች፤ በእኔው የለችም። "ከአንድ ሸክላ ሁለት ዓይነት ጥፋት!" ብዬ ጮህኩ። ጓደኛዬ "ተይው፣ ሰውየው ከነማሽኑ ደክሞታል" ብላኝ ነበር። መቼ ሰማሁ!

ስህተቶቹን አንድ ሁለት ብዬ በመሥሪያ ቤት ወረቀት ታይፕ አደረግኳቸው። ግርጌው ላይ ቀይ መስመር አሰመርኩበት። ከአጎቴ ቤት ሸክላዋን ተውሼ በጋዜጣ ጠቀለልኳትና ቅዳሜ፣ ገበያው ሞቅ ሲል፣ ፒያሳ ወጣሁ።

ሱቁ በሰው ተሞልቷል። ከትክል ድንጋይ ገጠር የወረዱ ገበሬዎች በሩ ላይ ቆመው ከድምፅ ማጉያው ይሰማሉ፣ ተማሪዎች ካሴት ይመርጣሉ። ከጀርባ የጓሮው በር ገርበብ ብሎ ነፋስ ይገባል፤ ያ ሱቅ ሁልጊዜ እንደቀዘቀዘ ነበር። እኔ ወረቀቴን ዘርግቼ ማንበብ ስጀምር አጠገቤ የነበሩት ሁለት ተማሪዎች ፈቀቅ አሉ። ያኔ፣ አብዮቱ በጋመበት ዘመን፣ ታይፕ የተደረገ ወረቀት በሰው መሀል ማውጣት የቀልድ ነገር አልነበረም፤ በወረቀት ምክንያት ስንቱ ከቤቱ ተወስዶ ቀርቷል። አንብቤ አንብቤ ነገሩ የዘፈን መሆኑ ሲገባቸው ሳቁ። ሳቃቸው ልቤን አሳበጠው።

"ማሽኑ አርጅቶ ነው እህቴ" አለ ባለ ሙዚቃ ቤቱ፣ ቀስ ብሎ።

"ማሽን ሰው መርጦ አይተውም!" አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። ያንን መልስ እስከዛሬ ሳስታውሰው ምላሴን መንከስ ያምረኛል። ያኔ ግን እንደረታሁት ነው የቆጠርኩት። ጋዜጣውን ፈትቼ ሸክላዋን አወጣሁ። "ይኸው፣ ትክክለኛውን ጆሮ ያለው ይስማው" ብዬ ባንኮኒውን አልፌ ወደ ማጫወቻው ገባሁ።

"ተይ፣ እባክሽ" አለኝ። ወደ ጀርባው በር ዞር ብሎ እያየ ነበር። "እሺ ልክ ነሽ፣ ሌላ እቀዳልሻለሁ። እሱን ብቻ አትክፈቺ።"

አንድ ገበሬ ከበር ላይ "አያ፣ ምን ቸገረህ፣ ታሰማን እንጂ!" አለ። እኔም ጀግና ሆኜ መርፌዋን የመጨረሻው ግጥም ላይ አሳረፍኳት።

"ተቀበል አያ!" አለ ወጣቱ፣ በድምፅ ማጉያው፣ ለፒያሳ ሁሉ። "ወንዙ ሲጎድልልኝ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ በሩን አትዝጉብኝ…"

የጀርባው መጋረጃ ተገለጠ። እናቱ ናት። ዓይናቸው የደከመ፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ የሚሄዱ ትንሽ ሴት። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወድቆ መሬት ይጎተታል።

"መጣ?" አሉ። "ልጄ መጣ? መቼ ገባ? ምነው ሳትነግሩኝ?"

ባለ ሙዚቃ ቤቱ መርፌዋን አነሣት። ከዚያ እናቱን በሁለት እጁ ያዘና፣ "አልመጣም እማዬ። ድምፁ ነው። ካሴት ቀድቶ ከሱዳን ልኮ ነው" አላቸው።

ስለ ሱዳን ላስረዳችሁ። በዚያ ዘመን ጎንደር ውስጥ ወንድ ልጅ ከቤት ሲጠፋ "በሳንጃ በኩል ሱዳን ገባ" ይባላል። አንዳንዱ እውነትም ገብቷል። የሌላውን ወንድሞቹ ያውቃሉ፣ ጎረቤት ያውቃል፣ ለእናቱ ግን ሱዳን ነው። ሱዳን ማለት በሕይወት አለ ማለት ነው። ይህን የማያውቅ የጎንደር ሰው የለም፤ እኔም አውቅ ነበር።

እናቱ ፈገግ አሉ። ጥርሳቸውን አየሁት። "ከሱዳን?" አሉ፣ "ሸጋ ነው ድምፁ። አልታመመም።" ወዲያው ወደ እኔ ዞሩ፤ ሸክላዋ አጠገብ የቆምኩት እኔ ነኛ። "አንቺ ነሽ ያመጣሽልኝ ልጄ?"

"አዎ እማማ" ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ናት። እኔ ግን ስህተት ሰማሁ። አፌ እንደ ለመደው ቀደመኝ። "ኧረ አይደለም!" አልኩ። "ይህ ካሴት አይደለም፣ ሸክላ ነው። የአጎቴ ነው። ገና አብዮቱ ሳይመጣ የወጣ ነው።"

ተናግሬ ሳበቃ ነው የሰማሁት። ባለ ሙዚቃ ቤቱ ዓይኑን ጨፈነ። በሩ ላይ የነበሩት ገበሬዎች ቆባቸውን አወለቁ።

እናቱ ልጃቸውን "እንግዲያስ ከሱዳን የመጣ ነገር የለም" አሉት። የጠየቁ አይመስሉም፤ ያው የሚያውቁትን ነገር የሚጨርሱ ይመስላሉ። እሱ አንገቱን ደፋ። የወደቀውን ነጠላ ጫፍ ጎትተው አፋቸው ውስጥ ከተቱት፤ በዚያን ጊዜ መንግሥት ለበላው ልጅ ጮሆ ማልቀስ አይቻልም ነበር። ትከሻቸው ብቻ ተንቀጠቀጠ። ሲበቃቸው ነጠላውን ከአፋቸው አወጡና እንዲህ አሉ፦

"በል እንግዲህ፣ የጓሮውን በር ዝጋው።"

ሄዶ ዘጋው። ነፋሱ ቆመ። ሸክላዋን እንኳ ሳላነሣ ወጣሁ፤ ከፒያሳ እስከ ቤቴ ማንንም ቀና ብዬ አላየሁም።

በሦስተኛው ቀን ጓደኛዬ መጥታ ወደ ሱቁ ይዛኝ ሄደች። ድንኳን የለም፣ ለቅሶ የለም። ጎረቤቱ ግን አንድ በአንድ ካሴት ሊገዛ የመጣ መስሎ ይገባል፤ አንዱን ካሴት አንሥቶ ያገላብጣል፣ ከባንኮኒው ጀርባ ካለው አግዳሚ ላይ ትንሽ ይቀመጣል፣ "እግዜር ያጥናችሁ" ይልና ይወጣል። ያን ቀን ከከተማው ግማሽ የሚሆነው ሰው ሙዚቃ ወዳድ ነበር።

ባለ ሙዚቃ ቤቱ ሲያየኝ አልተቆጣም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ትንሽ ወንድሙ ጠጅ ቤት ገብቶ ግጥም እንደሚሰጥ እናታቸው እንዳያውቁ ሁለቱ ደብቀው እንደነበር ነገረኝ። እናቱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጠብቆ ነበር የሚቀዳው፤ እያንዳንዱን ካሴት ለብቻው፣ ወንድሙ ሊናገር ሲል ድምፁን በእጁ እየቀነሰ። አንዳንዴ እጁ እንደሚዘገይበት ነገረኝ። "ጨርሶ ባትቀዳውስ?" አልኩት። "ዘፈኑ የአያ አዝማሪው ነው፤ እንዴት ብዬ ልቅበረው" አለኝ።

በሩንስ ለምን አይዘጋውም ነበር? እናቱ ናቸው የከለከሉት። ልጁ ከጠፋ ጀምሮ ያ የጓሮ በር ቀንም ሆነ ማታ ተቀርቅሮ አያውቅም። ዶሮውም ነፋሱም የሚገባው በዚያ ነው። እኔ በቁጥር ሦስት፣ "አላስፈላጊ ድምፅ" ብዬ ታይፕ ያደረግኩት።

እናቱን ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ስለምናቸው ራሴን ዳበሱኝ። "አንቺ ምን አጠፋሽ" አሉኝ፣ "የተጠየቅሽውን ተናገርሽ። ሸክላውን ብቻ ተይልኝ።" ተውኩላቸው። ለአጎቴ ተሰበረ አልኩት፤ ከዚያ በፊት ዋሽቼ አላውቅም ነበር። በኋላ ሱቁ ተዘጋ፣ እነሱም ከከተማው ወጡ፤ ሸክላዋ የት እንደደረሰች አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ተመልሳ ስትመጣ ሲዲውን አስቁሜ አሮጌውን ካሴት እንድትሰማው ከፈትኩላት። የመጀመሪያው ባዶ ቦታ ላይ ሲደርስ "ይኼማ ተበላሽቷል እማዬ፣ ጣይው" አለች።

"አልተበላሸም" አልኳት። ድምፁን ከፍ አድርጌ እጇን ያዝኩ። አዝማሪው ዝም ሲል ነፋሱ መጣ፣ ዶሮው ጮኸ፣ ከኋላ ደግሞ አንድ የእንጨት በር በማጠፊያው ላይ ቀስ ብሎ ሲንቋቋ ተሰማ። ሰባቱም ቦታ ላይ አለ። እዚያ ካሴት ውስጥ ያ በር ገና አልተዘጋም።