ሳሙና የነካው ሰልባትዮ

ወሬው ሲደርሰኝ ከአንዲት ዝቅ ያለች ቢጫ የእስፖርት መኪና ሥር ተኝቼ ነበር። ቱታዬ ኪስ ውስጥ ስልኬ ነዘረ። እህቴ ፋጡማ ከቆቦ የላከችው የድምፅ መልእክት ነው። እጄን ጠራርጌ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

«ዘይኑ፣ የሁሴን መኪና ሰልባትዮ ከአሸዋው ወጣ። የዘንድሮው ጎርፍ ጫፉን ገልጦት ሰዎች ቆፍረው አወጡት። ሲያነሱት አቃሰተ፤ ወላሂ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። እማማ ዘሃራ ማንም እንዳይከፍተው ብለው ቤታቸው አስወስደውታል።»

ሰልባትዮ የምንለው የመኪናን ነዳጅ ማጠራቀሚያ ነው። እማማ ዘሃራ የሁሴን እናት ናቸው። ሁሴን ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። የአንድ ብረት ማቃሰት እኔን ለምን እንቅልፍ እንደነሳኝ ለማስረዳት ከሥራዬ የመጀመሪያ ቀን መነሳት አለብኝ።

መጀመሪያ የሠራሁበት ጋራዥ ቆቦ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ሰይድ ሴት አልቀጥርም ብለው ሁለት ጊዜ መልሰውኛል። በሦስተኛው ዕቃ እንዳጥብ ተቀበሉኝ። የመጀመሪያውን ቀን ቅባት ስፍቅ ዋልኩ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጠሩኝና ከመኪና ተፈትቶ ጡብ ላይ የተቀመጠ ሰልባትዮ አሳዩኝ። ሌሎቹ ወደየቤታቸው ሄደው ግቢው ጭር ብሏል። ጆሮሽን አስጠጊ አሉኝ።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቆይቶ ከውስጥ ረጅም ድምፅ መጣ፤ ልክ በሽተኛ ጎኑን ሲያዞር የሚያወጣው ዓይነት። ቢስሚላህ ብዬ ዘለልኩ።

«ምን አለሽ?»

«ሰው አለበት።»

«ሰው የለበትም» አሉ ሳይስቁ። «ትንፋሽ አጥቶ ነው። ቀን በሙቀቱ ያብጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። አየር የሚገባበት ካጣ ያቃስታል።»

ክዳኑን ፈቱት። ሰልባትዮው ከውሃ ሥር ብቅ እንዳለ ሰው አየሩን ሳበና ዝም አለ። እኔ ግን ያን ቀን ቤቴ እስክደርስ ድረስ ከቁርዓን አያተል ኩርሲን እየቀራሁ ነበር የሄድኩት።

ከዚያ በኋላ ድምፆቹን እየለየሁ መጣሁ። የተረገጠ ቆርቆሮ ይመስል ዷ የሚለው ላሜራው ወደ ውስጥ ገብቶ ሲመለስ ነው። ቀጭን ፉጨት ከሆነ አየሩ በጠባብ ቀዳዳ እየተጨነቀ ነው። ደንበኛ መጥቶ መኪናዬ ትጮኻለች ባለ ቁጥር የጋሽ ሰይድ የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነበር፦ ክዳኑ ሲፈታ ወደ ውስጥ ሳበ ወይስ ወደ ውጭ ተነፈሰ? ደንበኛው ይህን ሳይመልስ መኪናውን ቁልፍ አይነካውም።

ሁሴን ሽንኩርት የሚጭንበት አሮጌ ፒክአፕ ነበረው። ሰልባትዮውን ጋሽ ሰይድ ራሳቸው ጥግ ጥጉን በነሐስ በይደው ጥቁር ሬንጅ ቀብተውለታል። አሁን ከአሸዋ ሲወጣ የማን እንደሆነ የታወቀውም በዚያ ብየዳ ነው።

አንድ ጁምዓ ጋሽ ሰይድ መስጊድ ሄደው ብቻዬን ሳለሁ መጣ። ቤንዚን ይሸተኛል አለኝ። ሥር ገብቼ አየሁ። ከሰልባትዮው አናት የምትወጣ ቀጭን ቱቦ ጫፏ ረጥቧል። ሲያፈስ ነው አልኩ።

በእኛ አገር ሰልባትዮ ካፈሰ ሳሙና ይታሸበታል። ቤንዚን ሳሙናን አያሟሟውም፤ እስኪበየድ ድረስ ይይዛል። ይህን የማያውቅ ሾፌር የለም። እኔም የልብስ ሳሙና ቆርሼ ቱቦዋ ጫፍ ላይ ጠቀጠቅኩ፣ በአውራ ጣቴም ደህና አድርጌ አሸሁት። ሥራዬ እንዳያሳፍረኝ ብዬ ከሚያስፈልገው በላይ ነው የደፈንኩት።

ሁሴን ጎንበስ ብሎ ያየኛል።

«ምነው፣ ለሰርጓ ነው እንዴ የምታጥቢያት?»

ነገ ተመለስ፣ ጋሽ ሰይድ ይበይዱታል አልኩት። የጁምዓ ሰላትስ ስለው፣ «ዋጃ ከተማ ደርሼ እሰግዳለሁ» አለና ሄደ።

ያቺ ቱቦ የሰልባትዮው መተንፈሻ ነበረች፤ እሷ ከተደፈነች አየር ስለማይገባ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ መሄድ ያቆማል። ሁሴን እስከ አፉ አስሞልቶት ስለነበር ቤንዚኑ በቆላው ሙቀት አብጦ በእሷ ወዛ እንጂ የተቀደደ ነገር አልነበረም። ይህን ያወቅኩት ጋሽ ሰይድ ከመስጊድ ተመልሰው የሠራሁትን ስነግራቸው ነው። አልተቆጡኝም። ስልካቸውን አውጥተው ደወሉለት። አላነሳም። ደግመው ደወሉ።

ሞተሩ የጠፋበት ከዋጃ ወዲህ ካለው ደረቅ ወንዝ መሐል ላይ ነው። ዳር የነበሩ ገበሬዎች እንደነገሩን ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ ብሎ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ አንዲት ደመና የለችም። ዝናቡ የጣለው ላይ ደጋው ላይ ነው። መጀመሪያ ወፎቹ ዝም አሉ፣ ቀጥሎ እግራቸው ሥር ያለው አሸዋ መርገፍገፍ ጀመረ አሉ። ጎርፍ መጣብህ ብለው ጮኹበት። ቀና ብሎ አያቸውና ሰላም ያሉት መስሎት እጁን አወዛወዘላቸው።

ሬሳው በማግስቱ ተገኘ። አላህ ይርሐመው። መኪናውን ወንዙ በታትኖ ዋጠው።

ከቀብር ስንመለስ በእኔ ነው አልኳቸው ለጋሽ ሰይድ። «አብሽሪ። ሞተር በሌላ ነገርም ይጠፋል» አሉኝ። በማግስቱ ግን ከጋራዡ ሳሙና የሚባል ነገር በሙሉ አስወጡ። ሥራ እስከለቀቅኩ ድረስ እጃችንን በሰጋቱራ እያሸን ነበር የምንታጠበው። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም፤ እኔም ለሌላ ለማንም አልተናገርኩም።

በዚያው ዓመት ወደ ዓረብ አገር ወጣሁ። የገባሁት ለቤት ሠራተኝነት ነበር። አሠሪዬ የሚወዳት የእስፖርት መኪና ነበረችው፤ ምድር ቤት በቆመች ቁጥር ታቃስታለች። ምግብ አብሳይዋ ወደዚያ አልወርድም አለች። ቁርዓን የሚቀራ ሰው ተጠራ፤ ቁርዓኑን ሲጨርስ እንደገና አቃሰተች። እኔ መጥረጊያዬን ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ። ድፍረት ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ «ጌታዬ፣ ክዳኑን ይፍቱት» አልኩ። ፈታው። ረጅም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳበች፤ ሰውዬው እጁን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበ። መተንፈሻዋን ደቃቅ የበረሃ አሸዋ ደፍኖት ነበር። በወሩ የወንድሙ ጋራዥ ውስጥ አስገባኝ።

እስካሁን እዚያው ነኝ። የእስፖርት መኪና ሰልባትዮ በጠባብ ቦታ ተጣጥፎ የገባ ስለሆነ፣ ጎኑ ላይም ሞተር ስላለ ቶሎ ይግላል፣ ድምፁም ብዙ ነው። ባለመኪናው ነዳጅ ሲቀዳ የማደያው መቅጃ ቶሎ ቶሎ ይቆምብኛል ካለኝ ነዳጁ ሲገባ አየሩ መውጫ አጥቷል ማለት ነው። አለቃዬ መመርመሪያ መሣሪያውን ሰክተሽ አንብቢ ይለኛል። አነባለሁ። መጀመሪያ ግን መኪናዋን ፀሐይ ላይ አቁሜ፣ ወደ ጥላ አስገብቼ፣ ጎኗ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ። ክዳኑን በፈታሁ ቁጥር፣ ያ ወደ ውስጥ የሚሳብ ትንፋሽ በመጣ ቁጥር፣ አንድ እጅ ሲወዛወዝ ይታየኛል።

ፋጡማ ከጥቂት ዓመት በፊት ሌላም ነገር ነግራኝ ነበር። አሸዋውን ቆፍረው ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ወደ ማታ ከወንዙ ሥር ማቃሰት ይሰማሉ። ሁሴን ነው ይላሉ። እማማ ዘሃራ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ እየሄዱ ዳር ተቀምጠው ያናግሩታል፦ ላሟ ወለደች፣ እህትህ ታጨች፣ ማሽላው ዘንድሮ ደህና ነው። እሳቸው ሲናገሩ ዝም ይላል፣ ሲጨርሱ ይመልሳል አለችኝ። ሰልባትዮ እንደሆነ ያን ጊዜም ጠርጥሬያለሁ። የሚያቃስተው የታፈነ ነገር ብቻ ነው።

እዚህ ያሉ አንድ ሸህ ጠይቄያለሁ። ሳታስቢ ነፍስ አጥፍተሽ ከሆነ ሁለት ወር ተከታታይ ጾም አለብሽ፣ ለቤተሰቡም ቀርበሽ ትናገሪያለሽ አሉኝ። «ግን በጥርጣሬ አይፈረድም። እርግጡን እወቂ።»

ማቃሰቱ እርግጥ አይሆነኝም። ሳሙናውን ጎርፉ አጥቦት ይሆናል፤ ዛሬ ያፈነው የወንዙ ጭቃ ሊሆን ይችላል። እርግጡ ያለው ላሜራው ላይ ነው። መተንፈሻው ተደፍኖ ሞተሩ ቤንዚን ሲስብ ሰልባትዮው እንደተጠባ ጉንጭ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። የሙቀትና የቅዝቃዜ መፈራረቅ ያስጮኸዋል እንጂ እንዲያ አያጎደጉደውም። ድንጋይም ያጎደጉዳል፤ ድንጋይ ግን ሬንጁን ይልጠዋል። የትንፋሽ ጉድጓድ ለስላሳ ነው፣ ሬንጁ አይነካም።

ይህን ለምታነቡ የሙያ ልጆች፦ ቀዳዳ ከመድፈናችሁ በፊት ለምን እንደተበሳ እወቁ። ከሥራዬ የተማርኩት ይኼው ነው።

አሁን የምለምነው ሰልባትዮው ከአሸዋው የወጣ ቀን ወንዙ ውስጥ የነበራችሁትን ነው። ከዚያ ወዲህ ሰልባትዮው ተጎትቷል፣ ተጭኗል፤ ሬንጁ ተፋፍቆ ይሆናል። አካፋ ሳይነካው ያያችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ሆዱ ጎድጉዶ ነበር? ጉድጓዱ ላይ ሬንጁ ነበረ ወይስ ተልጦ ነበር? ለፋጡማ ንገሯት፤ እኔን ብላችሁ አታለሳልሱት። ክዳኑን ግን እማማ ዘሃራ ሳይፈቅዱ አትፍቱባቸው። አንዴ ከተፈታ ዝም ይላል።