እሳት የማይደፍረው ቤት

ሳውዲ፣ ደማም ከተማ የኖረ ሰው እስትራሃ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ላልኖረው ልንገር። ባለጠጋ ዓርብ ዓርብ የሚዝናናበት፣ ከከተማ ወጣ ብሎ የሚሠራ ቤት ነው። የምሠራላት ማዳም አል ሻጢእ ሰፈር ባሕር ፊት ለፊት ትልቅ ቪላ እያላት ባሕሩ ሰለቻትና በተምር ዛፎች መሐል እስትራሃ ይሠራልኝ አለች። ሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት ላይ መሆኑ ነው።

ችግሩ እሳት ነበር። ብርዱ ሲገባ ገበሬዎቹ የተምሩን ደረቅ ዝንጣፊ ቆርጠው ያቃጥላሉ፤ ነፋስ ከተነሣ ፍንጣሪው ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው ይዘላል። ማዳም ይህን ስለሰማች የማይነድ ቤት ፈለገች። ባሏ ከመሥሪያ ቤቱ አማካሪ አመጣላት፤ ጎረቤት ከተማ ኮባር የሚኖር ኢንጂነር፣ የኛው አገር ሰው።

ሳሎን ተቀምጦ በእንግሊዝኛ ሲተነትን ሻይ ሳቀርብለት ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ናሙናዎቹን ወለሉ ላይ ደረደረ። እንጨትና የተምር ቅጠል የሚባል ነገር አይታሰብም፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ኮንክሪት፣ መስኮቱ የብረት መዝጊያ ያለው፣ የአየር ማስገቢያው ፍንጣሪ በማያሳልፍ ጥቅጥቅ ያለ ሽቦ የተሸፈነ ይሁን አለ። በዙሪያው ጠጠር ይፍሰስ፣ ደረቅ ነገር ሁሉ ከቤቱ ይራቅ አለ። ሥራውን ያውቃል፤ የጠላሁት ሰው ቢሆንም የሚያውቀውን አልክድበትም።

"የሠራተኛዋስ ክፍል?" አለች ማዳም።

ከናሙናዎቹ አንዱን በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገው። ሁለት ስስ ቆርቆሮ፣ መሐሉ ፎም፤ ሳንድዊች ፓነል የሚሉት። "ለእሷ ይኼ ይበቃል፤ ቶሎ ይገጠማል።"

ሲወጣ በር ላይ ጠበቅሁት።

"ይኼ መሐሉ ያለው ነገር አይነድም?" አልኩት ባማርኛ።

"ማዘር! ሐበሻ ነሽ እንዴ?" አለ፣ ገና አሁን ያየኝ ይመስል።

"አይ፣ ፊሊፒን ነኝ። ይነዳል ወይስ አይነድም?"

"እሳት ካልነካው አይነድም።" ሳቀ።

"እሳት ካልነካውማ ቤንዚንም አይነድም። እባክህ፣ የእሷም በብሎኬት ይሁን በላት። አንተ ካልካት ትሰማለች። እሳት ባለበት አገር ፎም ውስጥ አታስተኙኝ።"

"እኔ የተጠየቅሁት ስለ ቤቱ ነው። ደሞ በሳምንት አንድ ሌሊት ለምታድሪበት፣ ማዘር? አታካብጂ።"

ማዘር! እናቱን እንደዚያ ፎም ውስጥ የሚያስተኛ ከሆነ ለምስኪኗ አዘንኩላት።

እስትራሃው አለቀ። ጠጠሩ ሊፈስ ሲል ከቤቱ ዙሪያ የተጠረገው ደረቅ ዝንጣፊ ሁሉ የት ተከመረ? ከእኔ ክፍል ጀርባ። ከቤቱ ይራቅ ተብሏል፣ ራቀ። የእኔ ክፍል ቤት ተብሎ አልተቆጠረም፤ እንግዳ ከሚቀመጥበት በኩል ደግሞ አይታይም። ያንን ክምር እያየሁ እዚያ አልተኛም አልኩ። ሻንጣዬን ብቻ አስገብቼ ወጥ ቤት ወለል ላይ ማደር ጀመርኩ። "አንቺ ሙሽኪላ ትወጃለሽ" አለችኝ ማዳም። ሙሽኪላ፣ ችግር መፍጠር ብወድ ኖሮ እሷ ዘንድ ያን ሁሉ ዘመን ዝም ብዬ ባልኖርኩ።

አንድ ዓርብ ከቀትር በኋላ ጎረቤት እርሻ ውስጥ ዝንጣፊ ሲያቃጥሉ ነፋስ ተነሣ። ፍንጣሪው ብሎኬቱ ላይ አርፎ ጠፋ፤ ጠጠሩ ላይ አርፎ ጠፋ። ክምሩ ላይ ያረፈው አልጠፋም። እኔ ለእንግዶቹ ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ጥቁር ጭስ ተነሣ፣ የክፍሌ ቆርቆሮ ተጣመመ፣ ፎሙ እየቀለጠና እየነደደ ተንጠባጠበ። እሳት አጥፊዎች ሲደርሱ የቀረው የብረት አጥንቱ ብቻ ነው። ሻንጣዬ ውስጥ ምን እንደነበረ እዚህ አልጽፍም፤ የራሴ ጉዳይ ነው።

ማዳም እጇን ወደ ላይ ዘርግታ "አልሐምዱሊላህ፣ ቤቱ ምንም አልሆነም" አለች። ኢንጂነሩም በማግስቱ መጥቶ ግድግዳውን እየዳበሰ ተኩራራ።

"አየሽ ማዘር? አልተነካም እኮ!"

"የእኔውስ?"

"አንቺ ውስጡ አልነበርሽም አይደል? ታዲያ ምን ሆንሽ?"

እሳቱ በሌሊት ቢመጣ ኖሮ የሚያተርፈኝ እሱን አለመስማቴ ብቻ መሆኑ ትዝም አላለው።

ማዳም ያንኑ ፓነል እንደገና አዘዘች። "ማፊ፣ አይሆንም" አልኳት። "እዚያ ከምተኛ የመውጫ ቪዛዬን፣ ኹሩጁን ስጪኝና አገሬ ልግባ።" ሁሩብ ነው የማስደርግሽ አለች፤ ጠፍታለች ብላ ልታስመዘግበኝ።

"ፊትሽ ቆሜ ጠፋች ልትዪ ነው?" አልኳት። ከዚያ ወዲህ እስትራሃ አልሄድም ብዬ እግሬን ተከልኩ።

በመጨረሻ ፓነሉ ቀርቶ ክፍሉ በብሎኬት ተሠራ። ለእኔ ታስቦ እንዳይመስላችሁ። ማዳም በዚያው ሰሞን ለእንግዳ መቀበያዋ ውድ ምንጣፎች ገዝታ፣ በማይዘረጉበት ጊዜ የምታኖርበት ቦታ አጣች። ምንጣፍ ደግሞ ፎም ውስጥ አይቀመጥም፤ ያሳዝናል። ስለዚህ ብሎኬት ተገነባ፣ የብረት በር ገባ፣ ጠጠር ፈሰሰ፣ ዝንጣፊውም በመኪና ተጭኖ ተወሰደ። ከጥቅልሎቹ ጎን ለእኔ ፍራሽ ተዘረጋልኝ። እዚያ ክፍል ጥሩ እንቅልፍ ተኝቻለሁ፣ አልዋሽም።

ኢንጂነሩ ግን ኮባር ያሉ ሐበሾች በበዓል ሲሰበሰቡ፣ "ለአንዲት እናታችን ከማዳሟ ጋር ተከራክሬ የብሎኬት ክፍል አሠራሁላት" እያለ ያወራል አሉ። ተነሥተው ያጨበጨቡለትም አሉ። ይህን ካነበቡ እጃቸውን ይሰብስቡ። ለእኔ የተከራከረ ሰው የለም፤ ያንን ክፍል ያሠሩልኝ ምንጣፎቹ ናቸው።