ባሩድ ላይ ያለ ሰው አይነሳም

ሌዊስቪል ያለው የይርጉ ጋራዥ መኪና ገብቶበት አያውቅም። ሁለቱም መኪኖች ደጅ ሆነው የቴክሳስ ፀሐይ ሲጠብሳቸው ይውላል፤ ውስጡን የያዙት ብረት መቆንጠጫ ሞርሳ የታሰረበት ረጅም ጠረጴዛ፣ በየመጠናቸው የተሰቀሉ መፍቻዎች፣ ቁልፉ ከይርጉ ኪስ የማይወጣ የብረት ካዝና እና እጀታው የረዘመ አንድ ጥይት መሙያ ማሽን ናቸው። ሚስቱ የትምወርቅ ለመጣ እንግዳ ሁሉ፣ «መኪናውን ደጅ አሳድሮ ቀለህ ቤት የሚያስገባ ባል ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ» ትላለች። ይርጉ አይከራከርም። እውነት ነዋ።

ሰውየው የብረት ሰው ነው። ባሕር ዳር ቴክኒክ ተምሮ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ብረት መቅረጫ ቶርኖ ላይ ቆሞ ኖረ። ዲቪ ሲደርሰው ዳላስ መጣና ጥቂት ጊዜ ፓርኪንግ ከሠራ በኋላ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ የሻንጣ ማመላለሻ ቀበቶ ጠጋኝ ሆነ። ዱዌይንን ያገኘው እዚያ ነው። ዱዌይን ጢሙ ደረቱ ላይ የሚያርፍ፣ ከዴንተን ወዲያ ሰፊ ግቢ ያለው ፈረንጅ ነው። ከይርጉ ጋር የተግባቡት በእንግሊዝኛ ሳይሆን በመፍቻ ነው፤ አንዱ እጁን ሲዘረጋ ሌላው ሳይጠየቅ ትክክለኛውን ቁጥር ያቀብላል። ዱዌይን ጡረታ ሊወጣ ሲል ቤቱ ጠራውና አንድ ሪቮልቨር ሽጉጥ እጁ ላይ አኖረለት። አርባ አራት ማግነም የሚባለውን ኃይለኛ ጥይት የሚተኩስ፣ ስድስት ጎራሽ፣ ክብደቱ እንደ መዶሻ።

ይርጉን የማረከው ጉልበቱ አልነበረም። ጉልበቱንማ ሲተኩሰው አየው፤ እስከ ትከሻው ነው የነዘረው። የማረከው ሌላ ነው። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን አረጋግጦ የጥይት ጉድጓዶቹ ያሉበትን ሲሊንደር በአውራ ጣቱ ቀስ እያደረገ ሲያዞረው፣ ቀጭ እያለ እያንዳንዱ ጉድጓድ ከአፈሙዙ ጋር ልክ ገጥሞ ይቆማል። ይርጉ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ።

«ይሄን የሠራ ሰው አልቸኮለም» አለ በአማርኛ። ዱዌይን የገባው ይመስል ሳቀ፤ ሸጠለትም።

ጥይት መሙላቱንም ያስተማረው እሱው ነው። የተተኮሰ ቀለህ አይጣልም። ይታጠባል፣ ማሽኑ ላይ ተጨምቆ ወደ ልኩ ይመለሳል፣ ከቂጡ አዲስ ፕራይመር ይገባለታል፤ ፕራይመር ማለት መርፌው ሲመታት እሳት የምትጭረው የሸሚዝ ቁልፍ የማታህል ነገር ናት። ከዚያ ባሩድ ተለክቶ ይጨመራል፤ ከላይ እርሳሱ ይደፈናል። ሥራው ቀላል ነው። ከባዱ ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርጎ መሥራቱ ነው፤ ይርጉ የሚወደውም እሱን ነው። ባሩድ ሲለካ ሬዲዮ የለም፣ ስልክ የለም፣ ወሬ የለም። ለክቶ ሲጨርስ ከሚስማሩ ላይ የእጅ ባትሪውን ያወርድና ቀለሆቹን አንድ በአንድ እያበራ ወደ ውስጥ ያያል። ባሩዱ በሁሉም ውስጥ እኩል ከሆነ ብቻ ይደፍናል። ያላየውን አይደፍንም።

በፈረንጆች ሁለት ሺህ ዘጠኝ፣ ሰኔ ሲገባ፣ የየትምወርቅ አባት አቶ ምናሴ ከደብረ ታቦር መጡ። በሰባ ዓመታቸው ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው፤ ግን ሶፋው ዋጣቸው። ቋንቋውን የማያውቁትን ቴሌቪዥን እያዩ ይውላሉ። ምግብ ሲቀርብ «ይበቃኛል»፣ እንውጣ ሲባሉ «የት?» ነው መልሳቸው።

የትምወርቅ ጭንቅ ያዛት። «አባዬ ልብሱ መጣ እንጂ እሱ አልመጣም» አለች።

አንድ ቀን እግር ጥሏቸው ጋራዡ ገቡና ማሽኑን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ይሄ ምንድን ነው? የኑግ መጭመቂያ?»

«ጥይት መሙያ ነው አባባ።»

«ከአውሮፕላን ሥራ ወጥተህ ቀለህ ትለቅማለህ?»

«እለቅማለሁ።»

«እሺ፤ ሽጉጡስ?»

ይርጉ ካዝናውን ከፈተ። ሽማግሌው ሽጉጡን ሲቀበሉ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርገው፣ ባዶ ነው ቢባሉም ራሳቸው ከፍተው እያንዳንዱን ጉድጓድ አዩ። ይርጉ ያን ጊዜ ገባው፤ ሰውየው መሣሪያ ያውቃሉ። ለካ በጉብዝናቸው ጊዜ ማሽላቸውን ከከርከሮ ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው።

«ይሄማ» አሉ ክብደቱን እየመዘኑ፣ «ከርከሮውን ገድሎ ይቀብረዋል!»

«ቅዳሜ ዱዌይን ግቢ እንሂድና ይተኩሱበት።»

ከዚያ ወዲያ ሶፋው ባዶ ሆነ። አቶ ምናሴ ጢማቸውን ተላጩ፣ ምግብ ጨምሩልኝ አሉ፣ የስልክ ካርድ አስገዝተው ደብረ ታቦር ላለ ዘመድ ሁሉ ደወሉ። «ቅዳሜ አይመቸኝም፤ ተኩስ አለብኝ» ይላሉ፣ ቅዳሜ የጠራቸው ሰው ያለ ይመስል።

አንድ ችግር ነበር። የቀኝ አንጓቸው ከበቅሎ ወድቀው ተሰብሮ የዳነ ነው፤ የማግነም ርግጫ አይችልም። መደብር ሄዶ ርግጫው የቀለለ ለስላሳ ጥይት መግዛት ደግሞ የማይታሰብ ነበር፤ ከፕሬዝዳንቱ ምርጫ ወዲህ ሰው ሁሉ መሣሪያ ሊከለከል ነው ብሎ እየተሻማ ጥይቱም ፕራይመሩም ከዳላስ እስከ ፎርት ዎርዝ ከመደርደሪያ ጠፍቷል። ይርጉ በቀሩት ፕራይመሮች ለአማቱ እጅ የሚሆኑ ለስላሳ ጥይቶች ሊሞላ ተነሳ። ለዚህ የሚሆነው ባሩድ ሌላ ነው፤ ቶሎ የሚነድ፣ ትንሽ የሚበቃው፣ ከቀለሁ ሥር ተኝቶ የሚቀር። አደጋውም እዚያው ላይ ነው። የማግነሙ ባሩድ ተሳስተህ ሁለት ጊዜ ብትጨምረው ሞልቶ ይፈስና ያጋልጥሃል። ይሄኛውን ግን ቀለሁ ሁለት ጊዜም ቢሰጡት ዝም ብሎ ይውጠዋል። እርሳሱ ከተደፈነ በኋላ ማንም አይለየውም። ሽጉጡ ግን ይለየዋል፤ እጅ ላይ ይፈነዳል።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ቀለሆቹን በእንጨት ትሪ ላይ በረድፍ በረድፍ አቁሞ ከግራ ወደ ቀኝ ባሩድ እየለካ ነበር። አንዱ ረድፍ መሃል ላይ ሲደርስ በሩ ተከፈተ።

«ኖር!» ብሎ ብድግ አለ ይርጉ።

«በእግዜር! በእግዜር! ተቀመጥ ልጄ» አሉ አቶ ምናሴ።

እንዴት ብሎ ይቀመጣል? ወንበሩ አንድ ነው። ለሳቸው ለቀቀላቸው። ጀርባ ሰጥቶ መሥራትም ነውር ነውና ከጠረጴዛው ማዶ ዞሮ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ቀጠለ። አቶ ምናሴ አንድ ከርከሮ እንዴት የቄሱን ማሽላ ትቶ የሳቸውን ብቻ ይበላ እንደነበር ማውራት ጀመሩ፤ «ቄሱ ጸበል ረጭተውበታል፤ የኔን ማን ይርጨው?» ብለው ከት ብለው ሳቁ። ከመጡ ወዲህ ሲስቁ መስማቱ የመጀመሪያው ነበር። ይርጉም አብሮ እየሳቀ ለካ፣ እየሳቀ ደፈነ፣ እየሳቀ ወደ ሳጥን ከተተ።

አርብ ከሥራ ገብቶ ለነገው ዕቃ ሊያዘጋጅ ጋራዡ ገባ። ባትሪውን ሊይዝ እጁን ወደ ሚስማሩ ሲሰድ ቀጥ አለ። ልጁ ኤልዳና ሐሙስ ከሰዓት ከዋና ስትመለስ የዋና መነጽሯን ባትሪው ላይ ደርባ ሰቅላው ነበር። መነጽሩ አሁንም እዚያው ተደርቧል። ባትሪው አልወረደም ማለት ነው። ያላየውን ደፍኗል።

የትሪውን ነገር ያን ጊዜ አሰበው። ማዶ ሲዞር ግራው ቀኝ ሆኗል። ከየት ነበር ያቆመው? ከየትስ ቀጠለ? የተሞላውን ደግሞ ሞልቶት ይሆን?

ወጥ ቤት ገባና ለየትምወርቅ ነገራት።

«ይፍረሱ በቃ» አለችው ሽሮዋን እያማሰለች። «ምን ችግር አለው?»

«ማፍረሱ ችግር የለውም። ለምን ቢሉኝ ምን እላለሁ? እርስዎ ስለገቡብኝ ልበል?»

«እና ልትዋሸው ነው?»

«ዝም ልላቸው ነው።»

«አባዬን? ዝም ካልከው ሽማግሌ ብለው ናቁኝ ይልና ነገ ሶፋው ላይ ነው። እንዳልነገርከኝ እንዳትል!»

ይርጉ ጋራዡ ተመልሶ ማፍረሻውን አነሳ፤ መዶሻ የመሰለ ፕላስቲክ ነው፣ ጥይቱ ራሱ ውስጥ ይታሰርና እንጨት ላይ ሲመቱት እርሳሱ ከነባሩዱ ወልቆ ይወርዳል። ገና አንዱን እንደመታ በሩ ተከፈተ። ተነሳ።

«ኖር።»

«በእግዜር። ምን ትቀጠቅጣለህ?»

«ጥይቶቹን እያፈረስኩ ነው አባባ።»

«የነገውን?» የአቶ ምናሴ ፊት ጠቆረ። «እጅህ ይንቀጠቀጣል በለኛ! ዓይንህ ደክሟል በለኝ! የተሞላ ጥይት ምን በደለህ?»

«እጅዎ አይደለም። የኔ ሥራ ነው። አንዳንዱ ውስጥ ባሩዱ ሁለት ጊዜ ገብቶ ይሆናል። መሃል ላይ ተነሳሁና ተምታታብኝ።»

«ለምን ተነሳህ?»

ይርጉ መዶሻውን አገላበጠ። ሽማግሌው መጀመሪያ ወንበሩን፣ ቀጥሎ የጠረጴዛውን ማዶ አዩ። ከርከሮ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ዱካ ማንበብ አይጠፋውም።

«ለኔ ነው የተነሳኸው።»

«ባትሪውን ያላወረድኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እሱን ተወውና መዶሻውን ስጠኝ። አንተ ባሩዱን እይ።»

አቶ ምናሴ በግራ እጃቸው ይመታሉ፣ ይርጉ የወረደውን ሚዛን ላይ ያደርጋል። ደህና፣ ደህና፣ ደህና። ከዚያ አንዱ ሲመታ እርሳሱ ብቻ ወረደ፤ ባሩድ የሚባል የለም።

«ይሄስ ጾመኛ ነው» አሉ ሽማግሌው። «አርብን አክብሯል።»

«እሱም ክፉ ነው። እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ተወትፎ ይቀራል።»

ቀጥሎ ሌላ ጾመኛ። ጥቂት ቆይቶ የመጣው ግን ሚዛኑን ዘጭ አደረገው። ይርጉ ደግሞ መዘነው፤ ልክ እጥፍ።

«የጾመኞቹን ድርሻ የበላው ተገኘ» አሉ አቶ ምናሴ፤ ቀልዱ ግን አፋቸው ላይ ደረቀ። ያንን ትንሽ የባሩድ ክምር ጎንበስ ብለው አዩትና የቀኝ አንጓቸውን ያዝ አደረጉ። «ነገ እጄ ላይ ይሄ ነበር?»

«ነበር አባባ።»

«ልትነግረኝ ፈራህ?»

«አፈርኩ።»

«ሞኝ! አፍረህ ዝም ብትል ኖሮ ልጄ እኔን ትቀብር፣ አንተን ትረግም ነበር።» ትከሻውን መታ አደረጉት። «በል ሁሉንም እንጨርስ።»

ጨረሱ። ከዚያው ረድፍ ሌላ እጥፍ አንድ ተገኘ። ፕራይመሮቹ ቀለሆቹ ላይ እንዳሉ ደህና ስለነበሩ እንደገና መሙላት ይቻላል፤ ፀሐይዋም ገና አልጠለቀችም። ይርጉ ትሪውን አስተካክሎ ሲቀመጥ አቶ ምናሴ ባዶ የቀለም ባልዲ አነሱና በሩ ላይ ደፍተው ተቀመጡበት።

«ስማኝ። ባሩድ ላይ ያለ ሰው አይነሳም። እኔ ብገባ አትነሳም። ጳጳስ ቢገባ አትነሳም። ወሬም የለም።»

ብዙም አልቆየ፣ ከዳላስ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር አቶ ምናሴን ሊጠይቁ ጋሽ ሞላልኝ መጡ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ይርጉ በሄዱበት ሁሉ የሚነሳላቸው።

«ቤቶች! ይርጉ የለም እንዴ?»

«አለ። እዚያው ቁም!» አሉ አቶ ምናሴ ከባልዲያቸው።

«ሰላም ልበለው እንጂ።»

«ሲጨርስ ትለዋለህ።»

ጋሽ ሞላልኝ በአቶ ምናሴ ትከሻ ላይ አንገታቸውን አስግገው አዩ። ይርጉ አጎንብሷል። «ዛሬስ አይነሳም? አማችህ ናቀኝ?»

«እኔ ነኝ አትነሳ ያልኩት! ከፈለግህ ከኔ ጋር ተጣላ!»

ይርጉ ቀና አላለም። ጉልበቱ ግን በልማድ ሊነሳ ሁለቴ ቃጣው። የመጨረሻውን ቀለህ ሞልቶ የኤልዳናን መነጽር ወደ ሌላ ሚስማር አዛወረ፤ ባትሪውን አወረደ፤ አንድ በአንድ እያበራ አይቶ ደፈነ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ «ኖር፣ ጋሽ ሞላልኝ!» ብሎ ብድግ ሲል ሽማግሌዎቹ ሁለቱም ሳቁ።

ቅዳሜ ዱዌይን ግቢ ከአፈር ክምር ፊት ሦስት የቀለም ቆርቆሮ ቆሞ ነበር። አቶ ምናሴ የጆሮ መሸፈኛ ተደረገላቸው፣ ዱዌይን ወንበር አቀረበ፤ እምቢ ብለው ቆሙ። የመጀመሪያው አፈር መታ። ሁለተኛውም አፈር። ሦስተኛው ላይ ትንፋሻቸውን ዋጥ አደረጉና ቆርቆሮው ተገልብጦ ተንከባለለ።

«የቄሱን ማሽላ ብላ አላልኩህም?» ብለው ጮኹበት፤ ዱዌይን ምን እንዳሉ ሳይገባው በጭብጨባ አጀባቸው።

ስድስቱን ሲጨርሱ አንጓቸውን አዟዟሩት፤ ደህና ነበር። ሲሊንደሩን ራሳቸው ከፍተው ትኩሶቹን ቀለሆች ባርኔጣቸው ውስጥ አራገፉ፤ ሲበርዱም ኪሳቸው ከተቷቸው።

በሳምንቱ የትምወርቅ ምሳ ልታቀርብ ሶፋውን ብታይ ማንም የለም። ጋራዡን ለመክፈት እጀታውን ስትነካ፣ በሩ ከውስጥ በባልዲ ተይዟል።

«ማን ነው?» አለ የአባቷ ድምፅ።

«እኔ ነኝ አባዬ። ምሳ ደርሷል።»

«ባሩድ ላይ ነን። እዚያው ቆዪ።»