ይቀባ ወይስ እንዲሁ ይቅር

«አንቺ ልጅ፣ ቆንጆ የምትመስዪው አፍሽን እስክትከፍቺ ድረስ ነው» አለኝ መካኒኩ፣ ፊት ለፊቴ ቆሞ። የነገሌ ተወላጅ ነው፤ ኦሮምኛውን ከአማርኛው እያማታ ይናገራል። በዚያ ሰሞን ከሰላምታ አልፎ የሚያናግረኝ እሱ ብቻ ስለነበር አልተቀየምኩትም።

«ያንተን ዝጋና ፓራፋንጎውን፣ የጎማ መከለያውን አሳየን» አልኩት።

እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ ወሬ ትቷል። ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። በነገሌ ጦር ሰፈር አጥር ሥር ባለችው ቤታችን ከአንድ ትሪ እንበላለን፤ የሚሰማው ግን የጎረቤት ሬዲዮ ነው። ክብረ መንግሥት አስተማሪ ሆኜ መቀጠሬን ስነግረው «ደግ» ብሎ ጎረሰ። ቅሪ ቢለኝ እቀር ነበር። ያቺን አንዲት ቃል ስጠብቅ መኪና ሲያመልጠኝ ሰነበተ።

አባቴ ሰው የሚያመላልስባት ጂፕ በአሬሮ መንገድ ከግመል ተጋጭታ የፊት ፓራፋንጎዎቿ ተቀየሩ። አዲሶቹ ጥቁር ናቸው፤ እሷ ደግሞ አሸዋ መሳይ። ያን ጠዋት አባቴ «እስቲ ነይና እይልኝ፤ ይቀባ ወይስ እንዲሁ ይቅር?» አለኝ። እኔን ምክር ሲጠይቅ! ፀጉሬን እንኳ ሳላበጥር ወደ ጋራዡ ተከተልኩት።

«ጉራቻ ምን አለው አባባ?» አለ መካኒኩ። «ዝናብ ያዘለ ደመናም ጥቁር ነው። ቦረና ጥቁር አይጠላም።»

አባቴ የሚያየው እኔን ነው።

መኪናዋን ዞርኳት። በሮቿን የሊበን ሜዳ እሾህ ቧጭሮ ቧጭሮ ቆርቆሮው ወጥቷል።

«ጥቁር ይሁን» አልኩ።

አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። «ለእናትሽ ብለሽ ነው፣ አይደል?» አለኝ። «እኔም አስቤው ነበር እኮ። ሙት ዓመቷ እስኪወጣ መኪናዋም ከል ትልበስ ብዬ… ሰው ይስቅብኛል ብዬ ነው እንጂ።»

እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። ከበድ ያለ፣ የሚሞቅ እጅ።

«ኧረ አይደለም አባባ» አልኩት። «የተቀባው በሳምንቱ ይጫራል። ጥቁሩ ጭረት አያሳይም፣ ለዚያ ነው።»

እጁን አነሳ። መካኒኩ አጎንብሶ መፍቻ ይፈልግ ጀመር፤ መፍቻው በእጁ ነው።

«ይቀባ» አለው አባቴ። «ከሌላው አካሏ ጋር አንድ ይሁን።»

«አባባ፣ ብቀር ይወዳሉ?» አልኩት።

ባርኔጣውን መልሶ አደረገ። ከፓራፋንጎው ላይ አቧራ በጣቱ ጠረገ።

«የክብረ መንግሥቱ መኪና ገበያው ዳር እየጫነ ነው» አለኝ። «ቶሎ በይ፣ ቦታ ታጫለሽ።»

ቤት ገብቼ ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ጠቀጠቅሁት። በሩን ዘግቼ ቁልፉን ለጎረቤት ሰጠሁ። ሾፌሩ ከኋላ፣ ከጫነው የቆዳ ክምር ላይ ቦታ አሳየኝ። ወጥቼ ተቀመጥሁ፤ መኪናውም ተነሳ።