ካልሰደቧቸው በር የማይከፍቱት ክርስትና እናቴ

ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት መምህራችን «የዛሬ ሰው ቶሎ የሚቀየም ሆኗል ትላላችሁ?» ብለው ጠየቁን። ከሁሉም ቀድሜ እጄን አወጣሁ። የሚፈልጉት መልስ «አዎ» የሚለው መስሎኝ ነበርና አዎ አልኩ። ድሮ ሰው ተተራርቦ ስቆ እንደሚለያይ፣ ዛሬ ግን በትንሽ በትልቁ እንደሚያኮርፍ በሚገባ አስረዳሁ። መምህሩ ፈገግ አሉ፤ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። ወዲያው በመስኮቱ በኩል የከበሮ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ከበሮ አልነበረም፤ አንድ የግቢ ሠራተኛ ባዶ በርሜል እያንከባለለ ነበር። ልቤ ግን ሰቆጣ ደርሶ አንድ የተዘጋ በር ፊት ቆመ።

በሩ የክርስትና እናቴ ነው።

እኛ ጋ የነሐሴ ጾም ሲፈታ ልጃገረዶች ሻደይ እንጫወታለን። ሻደይ ወገባችን ላይ የምናስረው ረጅም ለምለም ሣር ነው፤ ጨዋታውም በእሱ ስም ይጠራል። ከበሮ ይዘን ከቤት ቤት እየዞርን ባለቤቱ ቶሎ ከወጣ በግጥም እናሞግሰዋለን፣ ከዘገየ እንተርበዋለን። በዚያ ሰሞን ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ መንገዱ ላይ ይተኛል። ከፊቴ ያሉት ልጆች ከወገባቸው በላይ ብቻ ይታዩኛል፤ ሣሩ ይወዛወዛል፣ እግር ግን የለም። ዛሬም ሳስበው ከቤት ቤት የተንሳፈፍን እንጂ የሄድን አይመስለኝም።

ክርስትና እናቴ ከሰው ሁሉ የተለየ አመል ነበራቸው። ስንመጣ ሲሰሙ በራቸውን ዘግተው ከኋላው ይቆማሉ። «በደንብ ሳልሰደብ አልከፍትም!» ይላሉ ከውስጥ። ስስታም እንላቸዋለን፣ እንቅልፋም እንላቸዋለን፤ የአገሩን ቋንቋ ኽምጣኛን የሚችሉት ደግሞ በኽምጣኛ ይጨምሩላቸዋል። ሳቃቸው በበሩ ስንጥቅ ይሰማል። በመጨረሻ አንድያ ልጃቸው፣ የእኔ አብሮ አደግና የቡድናችን ግጥም አውጪ፣ ከሁላችን የባሰውን ስድብ ለእናቷ ታወርዳለች። ያኔ በሩ ወለል ይላል። ዳቦ በሰፌድ ይዘው ይወጡና እሳቸውም በተራቸው ይሰድቡናል። አንድ ዓመት የእኔን ድምፅ ከተሰነጠቀ ቅል ጋር አመሳስለውት ዓመቱን ሙሉ ስስቅ ከርሜያለሁ።

ልጃቸው አምና ዓረብ አገር ሄደች። ባለፈው ነሐሴ ግጥም አውጪዋ እኔ ሆንኩ። ከእሷ እንዳላንስ ፈርቼ ለሦስት ቀን ለየቤቱ ስንኝ ስፈትል ሰነበትኩ። በሩ ፊት ስንደርስ ዝግ ነበር፤ «ሳልሰደብ አልከፍትም» የሚለው ድምፅ ግን አልመጣም። እኔ ስለ ግጥሜ ብቻ ሳስብ ዝምታውን ልብ አላልኩትም።

«ልጅዎን ሸኝተው ከባሕሩ ማዶ፣
ለማን ይሰስታሉ ቤትዎ ሆኖ ባዶ?»

ልጆቹ እልል አሉ። ከበሮው ደግሞ ደጋግሞ ተመታ። በሩ አልተከፈተም። ከውስጥ መቀርቀሪያው ቀጭ ሲል ሰማን።

«ኧረ ሴትዮዋ የምር አኮረፉ!» አለች አንዷ።

«እንሂድ ባካችሁ፣ የዛሬ ሰው ጨዋታ አይችልም» አለች ከበሮ መቺዋ።

ቤት ስደርስ ይህንኑ ለእናቴ ደገምኩላት። እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ልጅቷ ከደወለች አራት ወሯ መሆኑን አታውቂም?»

«አላውቅም።»

«አልጠየቅሽማ! ቁስሉን ረግጠሽ ምን አስጮኸው ትያለሽ?»

ወደ ዩኒቨርሲቲ ልሄድ ጥቂት ቀናት ቀርተውኝ ነበር። ከትንሽነቴ ጀምሮ ክርስትና እናቴ ሳይመርቁኝ ፈተና ገብቼ አላውቅም። በገበያው ቀን ፊት ለፊት ተገናኝተን አንገታቸውን ደፍተው አለፉኝ። ሳይመርቁኝ አውቶቡስ ላይ አልወጣም አልኩ።

እኛ ጋ የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ የተበደለው ሰው ደጃፍ ላይ ያጎነብሳል፤ «አውርድ» እስኪባልም ቀና አይልም። ይህን ሲያደርጉ ያየሁት በትልቅ ጠብ የተጣሉ ሽማግሌዎችን ብቻ ነው። ለግጥም ብሎ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ሰምቼ አላውቅም። እኔ ግን ይቅርታዬ እንዳይጎድል ብዬ ከወንዙ ዳር ልሙጥ ድንጋይ መረጥኩ። ጭቃ ነበረበትና አጠብኩት።

ጎንበስ ብዬ ስሄድ አንድ ባጃጅ ከጎኔ ቀዝቀዝ አለ። «እህቴ፣ ማንን ገድለሽ ነው?» አለኝ ሾፌሩ። ድንጋዩን አስተካክዬ መንገዴን ቀጠልኩ።

ደጃፉ ላይ ደርሼ ተንበረከክሁ። በሩ ሲከፈት ከእግራቸው በቀር የሚታየኝ አልነበረም።

«ይቺን ነው የተሸከምሽው?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«አጥበሻታል ደግሞ?»

«አዎ።»

«ለይቅርታ ድንጋይ አጥቦ የመጣ ሰው ገና ዛሬ አየሁ! ለዚያ ስድብ ይቺ ትበቃለች? ይቺ እኮ ለመጅ እንኳ አትሆንም።»

ሳቃቸው ከመሀል ተሰበረ። ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ከማጅራቴ አውርደው በሩ ሥር አኖሩትና አስገብተው አስቀመጡኝ።

«ስድቡ አይደለም፣ ልጄ» አሉኝ። «እንደ ሁልጊዜው ከበሩ ኋላ ቆሜ ነበር፣ አፌን ይዤ። እንደማትመጣ እያወቅሁ የልጄን ድምፅ እጠብቃለሁ። ያንቺ ሲመጣ፣ በቃ የቤቴን ባዶነት አገር አወቀው አልኩ። እንባዬን ይዤ በዓል ፊት ከምወጣ ብዬ ቀረቀርኩት።»

«አልተቀየሙኝም ማለት ነው?»

«ተቀይሜያለሁ እንጂ! የማላውቃት ብትለኝ ውሃ ደፍቼባት እገባ ነበር። ያልሽኝ አንቺ ነሽ።» ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «በይ ተነሺ። ውጪና ከደጅ ቆመሽ ድገሚው።»

«እንዴት አድርጌ?»

«ውጪ አልኩሽ!»

ወጣሁ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። ከበሮ የለ፣ ወገቤ ላይ ሣር የለ፤ መንገዱ ላይ ጭጋግና አንድ የታሰረ በግ ብቻ ነበር። ያንኑ ግጥም ደገምኩት። ትንፋሻቸው በስንጥቁ ይሰማኛል። ከዚያ በሩ ወለል አለ፤ ሰፌዱን ይዘው ወጡ።

«ከደጅ ቆመሽ ቤቴን ባዶ ነው ያልሽው፣
የትኛውን ዳቦ በልተሽ ነው ያደግሽው?»

እንደ በፊቱ ሳቅሁ፣ አለቀስኩም። መርቀውኝ ዳቦውን ቋጠሩልኝ፤ ወልድያ እስክንደርስ ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ።

መምህሬ ከፈቀዱልኝ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መልሴን ማስተካከል እፈልጋለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ገና አላወቅሁም። ልጃቸው እስከ ዛሬ አልደወለችም። እናቴ ትናንት ደውላ እንደነገረችኝ፣ ያ ያጠብኩት ድንጋይ አሁንም እዚያው ነው፤ ክርስትና እናቴ ነፋስ በሩን እንዳይዘጋው ያስደግፉበታል።