ጓድ በላቸው ያስፋቁት ስም

በደርግ ጊዜ፣ ስብሰባው አጥንታችን ድረስ በዘለቀበት ዘመን፣ ፒያሳ አጠገብ በሚገኝ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበርኩ። ማሽኑ አውቶቡስ ያክላል፤ ሲያጓራ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ጭነት የያዙ አህዮች ይደነብሩ ነበር። ባዕድ እንዳይገባበት ፕሮግራሙን በጠገንን ቁጥር፣ ጥገናው በቀዳዳ የተበሳባቸውን የወረቀት ካርዶች ባገኘነው ቀለም ክር እናስርና የዕለቱን ታቦት ስም እናወጣላቸዋለን። ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ጊዮርጊስ እያልን በቀናቸው ተራ ማሽኑን እናጎርሰዋለን። የሥራ ባልደረባዬ የወሎው ሰይድ እንኳ «እስቲ ገብርኤልን አቀብለኝ» ነበር የሚለኝ።

አንድ ቀን ካድሬያችን ጓድ በላቸው ካርዶቹ ላይ የጻፍናቸውን ስሞች አዩ።

«ይሄ መሥሪያ ቤት ነው ደብር?»

«ጓድ፣ ተራው እንዳይጠፋን ብለን ነው።»

«ፋቁት።»

ሁሉንም ፋቅንና «ወደፊት»፣ «ቆራጥ»፣ «ድል» ብለን ጻፍንባቸው። በማግስቱ ማሽኑን ልናስነሣ ስንል የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም ጠፋን። ብናገላብጠው፣ ብንለምነው ዝም አለ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ትልልቅ ባለሥልጣናት ሊጎበኙት ነው።

«ካልተነሣ አሻጥር ነው» አሉ ጓድ በላቸው።

በአሻጥር የገባ ሰው ሲወጣ አላየሁም። ሰይድ ወንበሩ ላይ ተዘርፍጦ፣ «በቃ፣ ስንቅ የሚያመላልስልን ሰው እንፈልግ» አለኝ።

ጓድ በላቸው ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አዩ። በሩን ዘጉና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ባለ ቀይ ክሯ የሚካኤል ናት፤ ባለ ነጯ የገብርኤል። ሁለቱንም ቀን ከማኅበር ስመለስ ስታስሯቸው አይቻለሁ።»