እትዬ ጌታነሽና አሥረኛው መርፌ

ሕፃን ልጅ መጻፍ የሚማረው እጁ ተይዞለት ነው። ሌላ መንገድ የለውም። ከኋላው ጎንበስ ብለው፣ እጁን በእጅዎ ውስጥ አድርገው፣ ትንፋሽዎ ጆሮው ሥር፣ ሳሉ አፍንጫዎ ሥር ሆኖ «ሀ»ን አብራችሁ ትጽፋላችሁ። ጌታነሽ ይህን ስታደርግ ሃያ ሦስት ዓመት ሆናት። ከዘመሮ ከተማ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር በሚያስኬድ መንደር፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ጥግ ባለች የጭቃ ክፍል ውስጥ፣ አንደኛ ክፍል ያልደረሱትን ልጆች ትይዛለች። አፍንጫ ትጠርጋለች፣ የጫማ ክር ታስራለች፣ ያለቀሰውን ታቅፋለች፣ ሽንት ያመለጠውን ታጥባለች። ከመንደሩ ወጣቶች መሐል እጁ በእጇ ያላለፈ ጥቂት ነው። ትንሹም ትልቁም «እትዬ» ነው የሚላት።

ወረርሽኙ መጥቶ የተዘጋው ትምህርት ቤት ኅዳር ላይ ሲከፈት ስልሳ አንድ ልጆች ጠበቋት። ርቀት ጠብቁ ተባለና ልጆቹ በሁለት ፈረቃ ተመደቡ፤ ለጌታነሽ ግን ሁለተኛ ጌታነሽ አልተገኘላትም። ጠዋትም እሷ፣ ከሰዓትም እሷ። ለልጆቹ የጨርቅ ማስክ ታደለ። በሁለተኛው ቀን ማስኩን እንደ ብይ መለዋወጥ ጀመሩ፤ ቀዩ በሰማያዊ፣ አበባ ያለበት በሁለት። ወደ ቤት ሲሄዱ ማስክ የሌለው ልጅ አልነበረም፤ የራሱን ያደረገ ግን አይገኝም። አንዲት እናት ተቆጥታ መጣች።

«እትዬ፣ ልጄ የሰው ልጅ ንፍጥ ይዞ ነው የገባው።»

«የልጅሽም ንፍጥ ሰው ቤት ገብቷል፤ ተካክሳችኋል» አለቻት ጌታነሽ።

ቀልዱ እስከ ጥምቀት ሰሞን ቆየ። ጥር ላይ ጌታነሽ ወደቀች። ድሮም አስም አለባት፤ ደረቷ እንደ አሮጌ ወናፍ እየጮኸ ሃያ ቀን ተኛች። መርምሮ ይህ ነው ያላት ሰው የለም። ከእሷ ሦስት ቀን ዘግይታ ደግሞ ረዳቷ ጠጄ ተኛች። ጠጄ ልጆቹን ውኃ የምታጠጣ፣ ሽንት ቤት የምትወስድ፣ ሲያንቀላፉ ጭኗ ላይ የምታስተኛ የአርባ አራት ዓመት ሴት ነበረች። በስምንተኛው ቀን ሞተች። የሳንባ ምች ነው ተባለ። ቀባሪ ሁሉ ተጠጋግቶ ቆሞ፣ ተቃቅፎ ተላቅሶ ተመለሰ።

ጌታነሽ ግን ሥራ ስትመለስ ያቺን ክፍል ብቻዋን አልገባቻትም። ከልጆቹ ለእኔ፣ ከእኔ ለጠጄ፤ ይህች አሳብ አብራት ገባች። ለማንም አልተናገረቻትም። ዘመሮ ያያት ሐኪም ደግሞ፣ «ሁለተኛ ከያዘዎት ይህ ደረት አይችለውም» ብሏታል። ስለዚህ መጋቢት ላይ ክትባት መጣ የሚለውን ወሬ ስትሰማ፣ የጠዋቱን ፈረቃ ሸኝታ ወደ ጤና ጣቢያው ገሠገሠች።

ነርሷ እፀገነት ናት። በአምስት ዓመቷ በግራ እጄ ካልጻፍኩ እያለች ጌታነሽን ስታታግል የኖረች ልጅ፤ ዛሬ ነጭ ጋዋን ለብሳ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ እርስዎ ገና ነዎት» አለቻት መዝገቡን ገልጣ። «መጀመሪያ የጤና ሠራተኛ፣ ቀጥሎ ስልሳ አምስት ዓመት የሞላው፣ ከዚያ ደግሞ ከሃምሳ አምስት በላይ ሆኖ የቆየ ሕመም ያለበት።»

«አስተማሪስ?»

«አስተማሪ የሚል የለበትም።»

«እፀገነት፣ አንቺ በሽተኛ ስታዪ አፍሽን ሸፍነሽ፣ እጅሽን በጓንት ከተሽ ነው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። እኔ ስልሳ አንዱን ታቅፌ ነው የምውለው። አዛውንቱ እኮ ቤቱ ከምድጃው ጋር ነው የተቀመጠው።»

«እውነትዎን ነው። ግን አዛውንቱን ከያዘው ይገድለዋል።»

«ጠጄ አርጅታ ነበር?»

እፀገነት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አልነበረም። ግን እትዬ፣ አስተማሪ ካልኩ ነገ ሾፌሩ ይመጣል፣ ፖሊሱ ይመጣል። ቄሱስ? በቀን ስንት ሰው ነው መስቀል የሚያሳልሙት? የመጣልን መድኃኒት ዕፍኝ አይሞላም። ማንን ልቁረጥ?»

ጌታነሽን ያናደዳት፣ ልጅቷ የተናገረችው እውነት መሆኑ ነው።

«ዕድሜዎስ?» አለች እፀገነት በተስፋ። «አስም አለብዎት። ሃምሳ አምስት ከሆኑ...»

ጌታነሽ መታወቂያዋን ሰጠቻት። ሃምሳ አንድ ይላል።

እውነተኛው ዕድሜዋ ሃምሳ ሰባት ነው። በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዓመተ ምሕረት አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት መንደሩ ውስጥ የሕፃናት ማቆያ ከፍቶ ሠራተኛ ሲፈልግ፣ ማስታወቂያው «ከሠላሳ ዓመት ያልበለጠች» ይል ነበር። እሷ ሠላሳ አራት ነበረች፤ አባቷ፣ ሰው ለምነው የማያውቁት፣ እያፈሩ የደብሩ የድጓ መምህር ወደሆኑት ወደ የኔታ መርስዔ ኃዘን ሄዱ። የኔታም «ልጅቱ እንጀራ ትብላ» ብለው ስድስት ዓመት ቀንሰው የዕድሜ ምስክር ወረቀት ጻፉላት፤ የደብሩን ማኅተም አሳረፉበት። ያን ጊዜ ይህን ያላደረገ ማን ነበር? ለወታደር የሚቀንስ ነበር፣ ለመሬት የሚጨምር ነበር። ኋላ ድርጅቱ ሲወጣ ማቆያው ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ዞረ፤ መታወቂያውም፣ የጡረታ ቅጹም ያንን ወረቀት እየተከተሉ ተጻፉ። ስድስቱ ዓመት እንደ ተዋሰችው ዕቃ ሳይሆን እንደ ራሷ ሆኖ ኖረ።

አሁን «ዋሽቼ ነበር» ብትልስ? በዚያው ሰሞን ከበላይ የሠራተኛ ማስረጃ ይጣራ ተብሎ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ በሐሰተኛ የስምንተኛ ክፍል ወረቀት ተባሯል። አሥራ ሁለት ዓመት ያገለገለ ሰው ነው፤ በወጣበት ቀን ቁልፉን እንኳ ሳይቀበሉት ነው የሸኙት። ጌታነሽ መታወቂያዋን መልሳ ጡቷ ሥር ከተተችው።

ክትባቱ ሳምንት ሙሉ ሰው አጣ። አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ሰው ነው፤ ከተከፈተ ደግሞ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ስለዚህ አሥር ሰው ካልተሰበሰበ አይከፈትም። አዛውንቱ ግን አልመጡም፤ ዐቢይ ጾም ነው፣ ወሬውም ብዙ ነው። እፀገነት ቸገራትና አንድ ማለዳ ጌታነሽ ክፍል በር ላይ መጣች።

«እትዬ፣ እኔን አይሰሙኝም፤ ትናንት የተወለደች ይሉኛል። የልጅ ልጆቻቸውን ያሳደጉት እርስዎ ነዎት። ዘጠኝ ሰው ያምጡልኝ። ዘጠኝ ካገኘሁ እከፍተዋለሁ፤ አሥረኛውን ከምደፋው ለእርስዎ ብሰጥ የሚከሰኝ የለም።»

ጌታነሽ አራት ቀን በሁለቱ ፈረቃዎች መሐል ባለው ሰዓት ከቤት ቤት ዞረች። ዳገቱን ስትወጣ ሦስት ጊዜ እየተቀመጠች ነው። እማሆይ ደብሪቱ ከደጃፋቸው ተቀምጠው ጥጥ እየፈተሉ ተቀበሏት።

«መርፌው የጾም ነው የፍስክ?»

«የጾም ነው እማሆይ፤ ቅቤ የለበትም።»

«ቀምሰሽዋል?»

«እሱን ነው የምለምነው እኮ፤ እምቢ ብለውኛል።»

እማሆይ እንዝርታቸውን አቆሙ። «አንቺን እምቢ ያሉሽን ነገር ለእኔ በነፃ ይሰጡኛል? እንግዲያ ደግ ነገር ነው፤ እመጣለሁ።»

በዚህ በዚህ ዘጠኝ ሞሉላት። የኔታ መርስዔ ኃዘን ጋም ሄዳ ነበር። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ዛሬም ከጎጇቸው ፊት ሃያ የሚሆኑ ተማሪዎች ያዜማሉ። ስማቸው መዝገቡ ላይ ያለው ግን ስላረጁ እንጂ ስለሚያስተምሩ አይደለም።

«ጠበል ገብቻለሁ ልጄ» አሏት። «ሱባኤዬ ሳይፈጸም በሰውነቴ መርፌ አላስገባም። ጠበልና መርፌ አይገናኙም።»

ጌታነሽ ሌሎቹን እንደለመነች አልለመነቻቸውም። «እንደፈቀዱ የኔታ» ብላ ጉልበታቸውን ስማ ወጣች። ቁልቁል ስትወርድ ደረቷ ቀለል ብሏት ነበር፤ ለምን እንደቀለላትም አውቃው አፈረች።

በቀጠሮው ቀን ዘጠኙ አዛውንት በጤና ጣቢያው ግድግዳ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ተደረደሩ። ርእሰ መምህሩ አቶ ምስክር የክትባቱ መዝጋቢ ኮሚቴ አባል ስለሆነ ወንበር አስወጥቶ ተቀምጧል። እፀገነት ቆጠረች፤ ጌታነሽን ዐይታ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀችላትና ብልቃጡን ከበረዶ ሣጥኑ አውጥታ ከፈተችው። እማሆይ ደብሪቱ ቀድመው ተወጉ።

«ያማል?» አሏቸው ቀጥሎ ያሉት ሽማግሌ።

«ወንድ ከሆንህ አያምም።»

ዘጠነኛው ክንዱን አልብሶ ሲነሣ ጌታነሽ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። የቀሚሷን እጅጌ ጠቀለለች። እፀገነት የመጨረሻውን ጠብታ ወደ መርፌው ስትስብ፣ ከግቢው በር የበቅሎ ኮቴ ተሰማ።

የኔታ ናቸው። ሁለት ተማሪዎቻቸው ደግፈው አወረዷቸው።

«ሱባኤዬ ዛሬ ማለዳ ተፈጸመ» አሉ ትንፋሽ እየዋጡ። «ይህች ልጅ በሚያማት ደረቷ ያን ዳገት ለእኔ ብላ ወጥታ እምቢ ማለቴ ሲያንገበግበኝ ሰነበተ። ይኸው መጣሁ።»

እፀገነት መርፌውን እንደያዘች አቶ ምስክርን አየችው፤ አቶ ምስክር መዝገቡን አየ።

«ስማቸው አለ» አለ ቀስ ብሎ።

«እትዬ...» አለች እፀገነት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «መዝገብ ላይ ያለ ሰው ቆሞ...»

ጌታነሽ እጅጌዋን ማውረድ ጀመረች። በሕይወቷ በየኔታ ላይ ተቆጥታ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን፣ በሱባኤው ላይ አንዲት ቀን እንኳ ቢጨመርስ ምን ነበረበት፣ ብላ በልቧ ጮኸች።

የኔታ ነገሩ ዘግይቶ ገባቸው። «ለእሷ ነው የነበረው? እንግዲያው እሷ ትወጋ እንጂ። እኔ ሰማንያውን አልፌዋለሁ።»

«አይቻልም የኔታ» አለ አቶ ምስክር። «ተራ አይሰጣጡም። እሷ ዕድሜዋ አልደረሰም፤ ሃምሳ አምስት መሙላት አለባት።»

«ማን ነው ያልሞላት?» የኔታ ከትከት ብለው ሣቁ። «ጌታነሽ ክርስትና የተነሣችው የደብራችን የጓሳ ክዳን ወርዶ ቆርቆሮ በለበሰበት ዓመት ነው። ሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት። ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው እኮ። ወረቀቱን የጻፍሁት እኔ፣ ራሴ...»

እዚህ ላይ ቆሙ። ምን እንደተናገሩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው።

አቶ ምስክር ከመዝገቡ ቀና አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን የጥበቃውን የስንብት ደብዳቤ የፈረመው እሱ ነበር። «የምን ወረቀት የኔታ?»

ሁሉም ጌታነሽን አዩዋት። አዎን ብትል፣ የኔታ ለቀውላታልና፣ እፀገነት እዚያው መዝግባ ትወጋት ነበር፤ መርፌው ተቀድቶ ተዘጋጅቷል። ከዚያ ደግሞ ሃያ ሦስት ዓመት፣ ጡረታው፣ ያቺ የጭቃ ክፍል።

«የኔታ ተሳስተዋል» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ልጆች ፊት ቆሞ መናገር የለመደ ድምፅ ነው። «ቆርቆሮ በለበሰበት ዓመት የተወለደችው ታላቅ እኅቴ ናት፤ ያረፈችው። እኔ ሃምሳ አንድ ነኝ። ዕድሜ ነው፤ ይረሳሉ።»

ታላቅ እኅት ኖራት አታውቅም። የኔታ መርስዔ ኃዘን በመንደሩ ማን መቼ እንደተወለደ፣ የማን ድንበር የት እንደሆነ፣ ክርክር በተነሣ ቁጥር የሚጠየቁ ሰው ናቸው። አንድም ሰው «ረሱ» ብሏቸው አያውቅም። ፊቷን አዩት።

«አዎን» አሉ በመጨረሻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኅትየዋ ናት። አርጅቻለሁ መሰል።»

ካባቸውን ገለጥ አድርገው ክንዳቸውን ሰጡ። እማሆይ ደብሪቱ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው፣ «የኔታም ደከሙ እንግዲህ» ሲሉ ጌታነሽ ሰማች። ነገ ገበያ ላይ ይኸው ይወራል፤ ከነገ ወዲያ ስለ ድንበር የሚሟገት ሰው ሌላ ምስክር ይፈልጋል።

አዛውንቱ መበተን ሲጀምሩ የኔታን ደግፋ ወደ በቅሏቸው ወሰደቻቸው። «ይፍቱኝ የኔታ» አለች።

«ምን አድርገሽ?» አሏት ኮርቻውን እየያዙ። «አስተማሪ ነኝ ብለሽ ብትመጪ ምን አነሰሽ? ዕድሜ ምን ያደርግልሻል?»

«እሱን አልቆጠሩትም።»

«እኔንም አልቆጠሩኝም» አሉ። «ስላረጀሁ ነው የወጉኝ። ልጆችን ግን ሳላረጅም አስተምር ነበር።» በቅሎዋ ዳገቱን ጀመረች።

አቶ ምስክር መዝገቡን በብብቱ ይዞ መጣ። ወረቀቱን ዳግም አላነሣም፤ ይርሳው ወይም ይተወው፣ ጌታነሽ ያን ቀን ልታውቅ አልቻለችም፤ ከዚያ በኋላም በጠራት ቁጥር ያ ወረቀት ትዝ ይላት ነበር።

«እትዬ፣ ብልቃጡ ሳይደፋ ያለቀው በእርስዎ ጥረት ነው። የዓመቱ መዝጊያ ላይ የምስጋና ወረቀት እንሰጥዎታለን።»

«ወረቀቱስ ተራ አለው?» አለችው።

ሣቀ። ቀልድ መስሎት ነው። ከትምህርት ቤቱ በኩል የከሰዓቱ ፈረቃ ልጆች በሩን በእግራቸው ሲደበድቡ ይሰማል፤ ጌታነሽ ማስኳን ወደ አፍንጫዋ ከፍ አድርጋ፣ እያሳለች ወደዚያው ሄደች።